«እሺ፣ እንዳልከው ይሁን»፦ ስለ ድርሻ ሂፖተሲስ ፍተሻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዓመት የግብርና ተማሪ ነኝ። በስታቲስቲክስ ኮርስ የተሰጠን መልመጃ እንዲህ ይላል። አንድ ዘር አቅራቢ ከበቆሎ ዘሬ 80 በመቶው ይበቅላል ይላል። 120 ፍሬ ተዘርቶ 87ቱ በቀለ። የዘሩ የብቅለት መጠን አቅራቢው ካለው ይለያል ወይ? በ5 በመቶ ደረጃ ፈትሹ። እኔ ዜድ −2.05 አገኘሁና ውድቅ አደረግኩ። ጓደኛዬ ስታንዳርድ ኢረሩን በናሙናው ድርሻ በ0.725 (87 ÷ 120) ሠርታ −1.84 አገኘች፤ ውድቅ አላደረገችም። 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ስሠራ ደግሞ ከ0.645 እስከ 0.805 መጣልኝ። 0.80 ውስጡ አለ! ታዲያ ማናችን ነን ልክ? ፒ-ቫልዩው 0.04 መሆኑስ የአቅራቢው ቃል እውነት የመሆን ዕድሉ 4 በመቶ ነው ማለት ነው?»

ምላሽ፦

አንቺ ነሽ ልክ። ዜዱ −2.05 ነው። የጓደኛሽ −1.84 ግን ዝም ብሎ ከአየር ላይ የመጣ ቁጥር አይደለም። እሷ የተጠቀመችበት ስታንዳርድ ኢረር (ድርሻው ከናሙና ናሙና በምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካው ቁጥር) ትክክለኛ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ይህ ፍተሻ አይደለም። ሁለታችሁን የለያያችሁን ነገር ከያዝሽ የኢንተርቫሉም የፒ-ቫልዩውም ጥያቄ አብሮ ይፈታል። የሦስቱም ሥር አንድ ነው።

ሰው ሲከራከር «እሺ፣ እንዳልከው ይሁን» የሚልበት ጊዜ አለ። አመነ ማለት አይደለም። የሌላውን ቃል ለጊዜው ተቀብሎ «እንዳልከው ከሆነ ታዲያ ይሄኛው ነገር ከየት መጣ?» ሊል ነው። የሂፖተሲስ ፍተሻም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኤች-ኖት የምንለው መነሻ መላምት ያ «እንዳልከው ይሁን» ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስሌት ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ እዚያ ቃል ውስጥ ሆኖ ነው የሚሠራው። መሃል ላይ መውጣት የለም።

አቅራቢውን «እሺ፣ 80 በመቶ ይሁን» እንበለው። ከእንዲህ ዓይነት ዘር ላይ አንድ ሺህ ሰው እያንዳንዱ 120 ፍሬ ወስዶ ቢዘራ ምን ይቆጥራል? 120 በ0.80 ሲባዛ 96 ነው። ስለዚህ ቆጠራው 96 ዙሪያ ይሰበሰባል። ሁሉም ግን እኩል 96 አያገኝም። አንዱ 93፣ አንዱ 99፣ ሌላው 101 ይቆጥራል። ዘሩ ያው ነው፤ የሚለያየው የደረሰው ፍሬ ነው። ይህ መዋዠቅ በምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ይሰላል፦ √(120 × 0.80 × 0.20) = 4.38 ፍሬ። ከአንድ ሺሁ ሰው 950 ያህሉ ከ88 እስከ 104 ባለው ውስጥ ይወድቃል። የእናንተ ቆጠራ 87 ነው። ከዚህ አጥር በአንዲት ፍሬ ወጥቷል፤ በ5 በመቶ ደረጃ ውድቅ የምናደርገውም እንዲህ ከአጥሩ ሲወጣ ነው።

በድርሻ ስንጽፈው ስታንዳርድ ኢረሩ √(0.80 × 0.20 ÷ 120) = 0.0365 ይሆናል። ልዩነቱ 0.725 − 0.80 = −0.075 ነው። ይህ ለስታንዳርድ ኢረሩ ሲካፈል −2.05፤ ዜድ የምንለው ይህን ነው።

አሁን ልብ በይ። የሺውን ሰው ቆጠራ ስናስብ 0.725 የሚባል ቁጥር ትዝም አላለንም። ያለነው አቅራቢው በነገረን ዓለም ውስጥ ነው፤ በዚያ ዓለም ድርሻው 0.80 ነው፤ መዋዠቁም የ0.80 መዋዠቅ ነው። ጓደኛሽ ግን መሃሉን ከአቅራቢው፣ ስፋቱን ከናሙናው ወሰደች። √(0.725 × 0.275 ÷ 120) = 0.0408 ሆነላት፤ −0.075 ለዚህ ሲካፈል −1.84 ይሰጣል። በአንድ እግሯ «እንዳልከው ይሁን» ውስጥ፣ በሌላው ውጭ ቆማለች ማለት ነው።

ይህ ስህተት ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለብዙ ዓመት ሳስተምር አይቼዋለሁ፤ የሚሳሳቱትም አብዛኛውን ጊዜ ትጉህ ተማሪዎች ናቸው። የአማካይ ፍተሻን በደንብ ስላጠኑ ነው። አማካይ ስትፈትሺ ኤች-ኖት «አማካይ ምርቱ በሄክታር 40 ኩንታል ነው» ይልሻል እንጂ ምርቱ ከማሳ ማሳ በስንት እንደሚለያይ ምንም አይነግርሽም። ስለዚህ ይህን የመለያየት መጠን፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን፣ ከናሙናው መውሰድ ግድ ነው፤ ለዚያም ነው ወደ ቲ ሰንጠረዥ የምትሄጂው። ድርሻ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ወይ ይበቅላል፣ ወይ አይበቅልም። ድርሻው ከተነገረሽ መዋዠቁም አብሮ ተነግሮሻል። 0.80 ከሆነ 0.80 × 0.20 = 0.16 ነው። 0.725 ከሆነ 0.199 ገደማ ይሆናል። ትልቁ ግማሽ በግማሽ ላይ ነው፤ 0.25። ኤች-ኖት ሁለቱንም በነጻ ሰጥቶሻል፤ ከናሙናው ሄደሽ የምትበደሪበት ምክንያት የለም።

ናሙናው በጣም ትልቅ ሲሆን ኤች-ኖት እውነት ከሆነ ፒ-ሃት (የናሙናው ድርሻ) ራሱ ወደ 0.80 ስለሚጠጋ ሁለቱ ስሌቶች ይቀራረባሉ። በ120 ፍሬ ግን እንዳየሽው ውሳኔ እስከ መቀየር ይደርሳል።

ይህ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ አንድ እውነተኛ መዝገብ ልንገርሽ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ1977 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ካስታኔዳ እና ፓርቲዳ» በተባለው ክርክር ላይ የአንቺኑ ስሌት ሠርቷል። ነገሩ ቴክሳስ ውስጥ ሂዳልጎ በምትባል ካውንቲ ነው። ከካውንቲው ሕዝብ 79.1 በመቶው ሜክሲኮ-አሜሪካዊ ነበር። ግራንድ ጁሪ የሚባል የዜጎች ጉባኤ አለ፤ አንድ ሰው በወንጀል ይከሰስ ወይስ አይከሰስ የሚለውን የሚወስን። በ11 ዓመት ውስጥ ለዚህ ጉባኤ ከተጠሩት 870 ሰዎች ሜክሲኮ-አሜሪካውያኑ 339 ብቻ ነበሩ። 39 በመቶ ማለት ነው።

ፍርድ ቤቱ እንዴት አሰበው? «እሺ፣ ምርጫው ያለ አድልዎ በዕጣ የተደረገ ይሁን» አለ። እንደዚያ ከሆነ 870 × 0.791፣ ማለትም 688 ያህል ሰው ይጠበቅ ነበር። መዋዠቁ √(870 × 0.791 × 0.209)፣ ወደ 12 ሰው ነው። የጎደለው ግን 349 ሰው ነው። 29 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን! ልዩነቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ካለፈ «በዕጣ ነው የተመረጡት» የሚለው መላምት አጠራጣሪ እንደሚሆን ፍርድ ቤቱ በግርጌ ማስታወሻው ጽፏል። ውሳኔውም መድልዎ መኖሩን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ቀርቧል፣ የክልሉ መንግሥትም አላስተባበለም የሚል ነበር። ያቺን 12 እንዴት እንዳገኙ ተመልከቺ። በ0.791 እንጂ በ0.39 አይደለም። ምርጫው አድልዎ የለበትም ብለው ተቀብለው ነው የቆጠሩት።

ወደ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ እንምጣ። የጓደኛሽ ስታንዳርድ ኢረር ቦታው እዚህ ነው። ኢንተርቫል ስትሠሪ ማንም ምንም አልነገረሽም። «እንዳልከው ይሁን» የምትዪው ሰው የለም። ጥያቄው «ድርሻው ስንት ይሆን?» ነው። በእጅሽ ያለው ናሙናው ብቻ ስለሆነ 0.725ን ትጠቀሚያለሽ፦ 0.725 ± 1.96 × 0.0408 (1.96 ከመቶ 95ቱን የሚያቅፈው እጥፍ ነው)። ከ0.645 እስከ 0.805 የመጣልሽ ለዚህ ነው። ስሌትሽ ስህተት የለበትም።

ፍተሻው ውድቅ ያደረገውን 0.80 ኢንተርቫሉ ያቀፈው ሁለቱ በተለያየ ሜትር ስለለኩ ነው። አንዱ 0.0365ን፣ ሌላው 0.0408ን ይዟል። «95 በመቶው ኢንተርቫል ውስጥ ካለ ውድቅ አይደረግም» የሚለው ሕግ ለአማካይ በትክክል ይሠራል። ለድርሻ ግን በግምት ነው የሚሠራው፤ ድንበር ላይ ሲደርስ ይሰበራል። መምህራን ይህን ሳንናገር እናልፈዋለን፤ መናገር ነበረብን።

ከፍተሻው ጋር የሚስማማ ኢንተርቫል ግን አለ። ኤድዊን ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1927 ያወጣው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከ0 እስከ 1 ያለውን ድርሻ ሁሉ አንድ በአንድ «እሺ፣ አንተ ነህ እንበል» እያልሽ በየራሱ ስታንዳርድ ኢረር ትፈትሺያለሽ። ያልወደቁትን ትሰበስቢያለሽ። ለ120 ፍሬ እና ለ87 ስሠራው ከ0.639 እስከ 0.797 ይመጣል። 0.80 ውጭ ቀረ። ከፍተሻሽ ጋር ተስማማ። ኮርሳችሁ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ ጸሐፍት በተለይ ለአነስተኛ ናሙና ከተለመደው ይልቅ ይህን ይመርጣሉ፤ እኔም እመርጣለሁ።

አሁን ፒ-ቫልዩው። አይደለም፤ 0.04 ማለት «አቅራቢው እውነቱን የመናገሩ ዕድል 4 በመቶ ነው» ማለት አይደለም። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ፣ ተመርቀሽ ሥራ ከያዝሽ በኋላም ሪፖርት ላይ በዚህ መንገድ ተጽፎ ስለምታገኚው ነው።

0.04 የሚለው እንዲህ ነው፦ ዘሩ በእርግጥ 80 በመቶ የሚበቅል ቢሆን ኖሮ፣ 120 ፍሬ ስንዘራ ከ96 በ9 ወይም ከዚያ በላይ ርቆ የሚወጣ ቆጠራ፣ ወደ ታችም ይሁን ወደ ላይ፣ በኖርማል ከርቭ (በደወል ቅርጹ መስመር) ስንገምተው ከመቶ ጊዜ 4 ጊዜ ያህል ይገጥመናል። እንደገና «ቢሆን ኖሮ» አለ። ፒ-ቫልዩ እዚያ ቃል ውስጥ ሆኖ የተቆጠረ ነገር ነው። እዚያው ውስጥ ሆነሽ የቃሉን እውነትነት መመዘን አትችይም፤ አስቀድመሽ እውነት ነው ብለሽዋልና።

መገልበጡ ለምን እንደማይሠራ በሩጫ ላሳይሽ። በወንዶች የኦሎምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ በ1960 እና በ1964፣ ማሞ ወልዴ በ1968፣ ገዛኸኝ አበራ በ2000፣ ታምራት ቶላ በ2024 ወርቅ አምጥተዋል። ከማራቶን አሸናፊዎቹ ስም ዝርዝር ውስጥ አንዱን በዕጣ ብታወጪ ኢትዮጵያዊ የመሆን ዕድሉ ቀላል አይደለም። ከኢትዮጵያውያን ውስጥ አንዱን በዕጣ ብታወጪስ? የኦሎምፒክ ማራቶን አሸናፊ የመሆን ዕድሉ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ ከምንም አይቆጠርም። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ስለ «ኢትዮጵያዊ» እና ስለ «አሸናፊ» ናቸው፤ መነሻቸው ግን ተገላብጧል። «ቃሉ እውነት ከሆነ ይህ ውጤት የመምጣት ዕድል» እና «ይህ ውጤት ስለመጣ ቃሉ እውነት የመሆን ዕድል» እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛውን ለማወቅ አቅራቢው ከዚህ በፊት ምን ያህል የታመነ እንደነበር ጭምር ማስገባት ያስፈልጋል። ያ ሌላ ኮርስ ነው።

ስለ ጓደኛሽ አንድ ነገር ልጨምር። ስሌቷ ልክ ቢሆንና −1.84 ቢሆን እንኳ «ስለዚህ ድርሻው 80 በመቶ ነው» ብላ ብትጽፍ ነጥብ እቀንስባት ነበር። ፍርድ ቤት ማስረጃ ሲያጣ «በነጻ ይሰናበት» ይላል እንጂ ሰውየው ድርጊቱን አለመፈጸሙን አረጋገጥኩ አይልም። «ውድቅ ለማድረግ በቂ ማስረጃ አላገኘንም» እና «ተቀብለነዋል» የተለያዩ ናቸው። ተማሪ ይህን የቃላት ጣጣ አድርጎ ነው የሚያየው። አይደለም። የሳንቲም ታሪክ ልንገርሽ።

ጆን ኬሪች የደቡብ አፍሪካ የሒሳብ መምህር ነበር። በ1940 ጀርመን ዴንማርክን ስትወር እዚያ ተገኝቶ ተያዘ፤ የጦርነቱን ጊዜ በማጎሪያ ካምፕ አሳለፈ። እዚያ ሆኖ አንድ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወረወረ። አንበሳው ጎን፣ እኛ አገር እንደምንለው፣ 5,067 ጊዜ ወጣ። «እሺ፣ ግማሽ በግማሽ ይሁን» እንበል። የሚጠበቀው 5,000፣ መዋዠቁ 50 ነው። ዜድ 67 ÷ 50 = 1.34፣ ፒ-ቫልዩው 0.18። ውድቅ አናደርግም። ታዲያ የሳንቲም ውርወራ ፍጹም እኩል መሆኑ ተረጋገጠ?

በቅርብ ዓመታት 48 ሰዎች ተባብረው 350,757 ጊዜ ሳንቲም ወርውረዋል። የፈለጉት ሌላ ነገር ነው፤ ሳንቲሙ ከመወርወሩ በፊት ወደ ላይ በነበረው ጎኑ ተመልሶ የመውደቅ ዝንባሌ አለው ወይ የሚለውን። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፐርሲ ዲያኮኒስና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ጽሑፍ ወደ 51 በመቶ ይሆናል ብለው በፊዚክስ ተንብየው ነበር። ቆጠራው 50.8 በመቶ ሆነ። ዜዱ ከ9 በላይ ነው። ምንም ጥርጥር የለውም።

ያው 50.8 በመቶ በ10,000 ውርወራ ብቻ ቢገኝ ኖሮስ? 80 ÷ 50 = 1.6። ውድቅ አናደርግም ነበር። ዝንባሌው እዚያው እያለ ፍተሻው ዝም ባለን ነበር። ዝም ያለ ፍተሻ «የለም» ብሎ አልመሰከረም። ምናልባት ናሙናው ትንሽ ሆኖ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ውድቅ ተደረገ ማለት ልዩነቱ ትልቅ ነው ማለት እንዳልሆነ ይኸው ታሪክ ያሳያል። 0.8 በመቶ ልዩነት ማንንም ሀብታም አያደርግም።

የአንቺን 87 እንደገና እንየው። 0.04 ከ0.05 ብዙም አይርቅም። ፍሬ በሙሉ ቁጥር እንጂ በክፍልፋይ አይቆጠርም፤ ያንን ለማስተካከል የግማሽ ፍሬ እርማት ብታደርጊ 8.5 ÷ 4.38 = 1.94፣ ፒ-ቫልዩው 0.052 ይሆናል። ውሳኔሽ ተገለበጠ! ኮርሳችሁ እርማቱን ካላስተማራችሁ ፈተና ላይ አታስገቢው። ግን ለራስሽ ያዥው። ግማሽ ፍሬ የሚገለብጠው ውሳኔ ጠንካራ ውሳኔ አይደለም። 5 በመቶም ቢሆን የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1925 በጻፈው መጽሐፍ ምክንያት የተለመደ ምቹ ድንበር ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ማሳ ላይ ብትሆኚ እኔ የምመክርሽ መጨቃጨቁን ትተሽ 120 ፍሬ እንድትጨምሪ ነው። 240 ተዘርቶ 174 ቢበቅል፣ ያው 0.725 ነው፣ ዜዱ −2.90፣ ፒ-ቫልዩው 0.004 ገደማ ይሆናል። ያኔ ክርክር የለም።

ቅድመ ሁኔታዎቹን ብዙ ተማሪ በአንድ መስመር ነው የሚያልፋቸው። 120 × 0.80 = 96 እና 120 × 0.20 = 24፣ ሁለቱም ከ10 በላይ ናቸው፤ ኖርማል ከርቭ መጠቀም ይቻላል። ይሄ ቀላሉ ነው። እዚህም 0.80 ነው የሚገባው፣ በዚያው ምክንያት። ከባዱ ዘሩ ከየት ተወሰደ የሚለው ነው። የእህል ነጋዴ ጆንያውን ከላይ ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ከታችም ከመሃልም ይዘግናል። 120ውም ፍሬ እርጥበት ካገኘው ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ ከተዘገነ የፈተሽሽው ዘሩን ሳይሆን ያንን ጆንያ አፍ ነው። ሁሉም በአንድ ትሪ ተዘርቶ የትሪው አንድ ጥግ ውሃ ካጣ ደግሞ ያልበቀሉት አንድ ላይ ነው የቀሩት። ያኔ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ዕጣውን አላወጣም፤ 4.38 ያልነው መዋዠቅም ከእውነተኛው ያንሳል። ዜድ ይህን አያይም። የምታዪው አንቺ ነሽ።

አማራጭ መላምቱን (ኤች-ኖት ሲወድቅ የምንይዘውን) በተመለከተ፣ ጥያቄው «ይለያል ወይ» ስለሚል ሁለቱንም ጎን መፈተሽሽ ልክ ነው። «ያንሳል ወይ» ቢል ኖሮ ፒ-ቫልዩው ግማሹ፣ 0.02 ይሆን ነበር። ይህ የሚወሰነው ግን ዘሩ ከመቆጠሩ በፊት ነው። 87ን አይቶ «ያንሳል» ብሎ መጀመር አይፈቀድም።

ወረቀትሽ ላይ እንዲህ ብለሽ ጨርሺ፦ «የዘሩ የብቅለት መጠን 80 በመቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ በላይ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድሉ 0.04 ነው። ይህ ከ0.05 ስለሚያንስ ኤች-ኖትን ውድቅ እናደርጋለን። መጠኑ ከ80 በመቶ እንደሚለይ በ5 በመቶ ደረጃ በቂ ማስረጃ አለ።» ጓደኛሽ ደግሞ 0.0408ን አትጣለው። የሚቀጥለው ጥያቄ «ድርሻውን በኢንተርቫል ገምቱ» የሚል ከሆነ የምትፈልገው እሱን ነው።